የኦቻላ አማርኛ

ናዝሬት የተወለደችው ገና በሰባት ወሯ ነው። የጋምቤላ ሙቀት ለሌላው ሰው ጣጣ ቢሆንም እሷን ያተረፋት እሱ ነው ይባላል፤ እናቷ በጥጥ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አጣብቃት ከረመች፣ የጎደለውን ሙቀት ከተማው ሞላው። በአገራችን ችኩል ሰው ሲገኝ «የሰባት ወር ልጅ ነህ እንዴ?» ይባላል። ናዝሬት ግን ለመወለድ ከመቸኮሏ በቀር በምንም ችኩል አልነበረችም። እንዲያውም የሚነገራት ሁሉ ዘግይቶ ነበር የሚደርሳት።

ልጅ ሳለች አባቷ አቶ ረታ «በአንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ይወጣል» እያሉ ይቆጡ ነበር። መምህር ናቸውና ቀልበ ቢስ ልጅ አይወዱም። ውሃ እንድታመጣ ተልካ ደጅ ላይ ፈዛ ትገኛለች። ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ እስክሪብቶ ከጣለ የእስክሪብቶውና የአስተማሪው ድምፅ እኩል ይሆኑባታል፤ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምርማ ትምህርት አለቀ። ጅማ ወስደው አስመረመሯት። «ጆሮዋ እንከን የለውም» ተባለ። አንዲት ሐኪም ብቻ አቶ ረታን ለብቻ ጠርታ፣ ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱ ልጆች አንዳንዶቹ ጆሯቸው ደህና ሆኖ አእምሯቸው አንዱን ድምፅ ከሌላው ለመለየት እንደሚቸገር፣ ሐሳባቸውም ቶሎ እንደሚበተን፣ ይህም አድገው እንኳ ላይተዋቸው እንደሚችል ነገረቻቸው። «ቀስ ብለው፣ ፊት ለፊት ሆነው፣ ጸጥ ባለ ቦታ ያናግሯት» አለች። አቶ ረታ ጥቂት ቀን ሞከሩ፤ ከዚያ ወደ ጩኸታቸው ተመለሱ። ሰው ያልተሰማ ሲመስለው ይጮኻል እንጂ ቀስ አይልም፤ ይህ የሁላችንም በሽታ ነው።

አድጋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆነች። የወባ ተውሳክ ሌላ ሌላ ክፋት ቢኖረውም አይናገርም። ማይክሮስኮፕ ላይ ስትደፋ ማንም አያናግራትም፣ እሷም ማንንም አታሳዝንም። መከራው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ባልደረቦቿ ተቀባብለው ሲያወሩና ሲስቁ በምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ትስቃለች፤ ሲጠይቋት «እሺ» ትላለች። «ኩራቷ!» ይሏታል ከኋላዋ። ኩራት ቢሆን ምንኛ በተሻላት! ሰው መሀል ተቀምጦ ብቸኛ መሆን ከብቸኝነት ሁሉ ይከፋል፤ ብቻህን መሆንህን የሚያውቅልህ እንኳ የለም።

ከዚያ ኦቻላ መጣ። ኦቻላ ኢታንግ ወረዳ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ነው፤ በየሳምንቱ የደም ናሙና ይዞ ወደ ከተማ ይመላለሳል። የአኙዋ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ አማርኛን የለመደው ገበያና ቢሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል አስቦ፣ መርጦ፣ እንደ ገበያ ቲማቲም በመደብ በመደብ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ገብቷት እንደሆነ ፊቷን ያያል። «ናዝሬት። ሥራ። አለቀ? ባሮ። እንሂድ?» ወንዙ ዳር፣ ልብስ አጣቢዎች እየተንጫጩ፣ ልጆች ውሃው ውስጥ እየተንቦጫረቁ፣ ናዝሬት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው የሚናገረውን ሁሉ ሰማች። የዚያን ቀን ቤቷ ገብታ በደስታ አለቀሰች።

ሐኪሟ ያለችውን አድጋ ከአባቷ ሰምታለች፤ ለምን ከእሱ ጋር ብቻ እንደምታወራ ግን አልነገረችውም። እንዳያዝንላት ፈራች።

ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ ጅማ ሲሄድ «እኔ። ስመለስ። አንድ ነገር። እጠይቅሻለሁ» አላት። ምን እንደሆነ ገብቷታል፤ ጠበቀችው። ሲደውል አታነሳም፤ በስልክ የሰው ንግግር ጭራሽ አይያዝላትም። «ኔትወርክ የለም» ብላ በጽሑፍ ትመልሳለች። የጋምቤላን ኔትወርክ የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠራጠርም። አንድ ቀን፣ ድሮ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ሲናገር ከደጋው አገር የመጡት ደገኞች እንደሳቁበት፣ ከእንግዲህ ግን በአማርኛው ማንም እንደማይስቅ ጻፈላት። «ጎበዝ!» ብላ መለሰችለት። ነገሩ እሷን ምን እንደሚያደርጋት አላሰበችም።

ተመልሶ እንደመጣ ቅዳሜ ከሰዓት ባሮ ዳር ወዳለ ዓሣ ቤት ጋበዛት። ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ ማራገቢያው ይንጓጓል፣ ሙዚቃው ተለቋል። ኦቻላ ማውራት ጀመረ። አማርኛውን እንደ ውሃ ጠጥቶታል፤ ቀልዱን፣ ተረቱን፣ «ማለት ነው»ውን ሳይቀር። ናዝሬት አፍ አፉን እያየች «...እንግዲህ አንቺም...»፣ «...አባትሽም ቢሆኑ...» የሚሉ ቁርጥራጮች ለቀመች። ሌላው ሁሉ ከጄኔሬተሩ ጋር ተቀላቀለባት። በመጨረሻ ዝም አለና ትክ ብሎ አያት። ጥያቄው ተጠይቋል ማለት ነው።

«እሺ» ብትል አልቆ ነበር። ለማንም ስትሰጠው የኖረችው ቃል ነው። ግን በዚህች ዓለም አንድ ጥያቄ ሰምታ መመለስ አማራት።

«አልሰማሁህም» አለችው።

ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት። ጭራሽ ጠፋባት።

«ኦቻላ፣ እባክህ እንደ ድሮህ ተናገርልኝ። እየለያየህ። የድሮው አማርኛህ ይሻለኛል።»

አጠገባቸው ከተቀመጡት ሁለት ደገኞች አንዱ ፈገግ አለ። ኦቻላ አየው። ፊቱ ተለዋወጠ።

ምን እንዳለች ያን ጊዜ ገባት። «እንደሱ ማለቴ አይደለም! እኔ በሰባት ወሬ ተወልጄ... ጆሮዬ ደህና ነው፣ ግን...» ለማንም ተናግራው የማታውቀው ነገር ስለሆነ ምላሷ ላይ ተተበተበ። እሱ ጆሮዋ ደህና መሆኑን ብቻ ሰማ። በምሬት አንድ ነገር ጠየቃት፤ በፍጥነት። አልያዘችውም። አፏ ግን ልማዱ ነውና «እሺ» አለ።

ኦቻላ ብድግ አለ። ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ቃሉን አንድ በአንድ አስቀመጠላት።

«እኔ። ያንቺ። መሳቂያ። አይደለሁም። ደህና። ሁኚ።»

ጄኔሬተሩ እያጓራ፣ ሙዚቃው እየጮኸ፣ ናዝሬት አንዱም ቃል አላመለጣትም።