ሩት ወጣች

እንግዳወርቅ ባሏን ከቀበረች መንፈቅ አልሞላትም ነበር። ታዲያ ልጇ ሩት ከጓደኛዋ ከሮዛ ጋር ስልክ ላይ ተደፍታ «ሞትኩ! ደግሞ ሞትኩ!» እያለች ስትስቅ ብትሰማ እንዴት አትበድ!

«አፍሽን ያዢ፣ ሟርተኛ! በዚህ ቤት ያ ቃል አይጠራም!»

ልጆቹ አስረዷት። የጃፓን ካርቱን ነው፣ እነሱ አኒሜ ይሉታል። አንዲት ልጅ መኪና ገጭቷት ስትነቃ ራሷን ጨዋታ ውስጥ ታገኛለች። ያው ጨዋታ ስልክ ላይም አለ፤ የሞተ ከጨዋታው በር እንደገና ይጀምራል።

«እንዲያ ከሆነማ አባትሽንም በር ላይ ቆመሽ ጠብቂዋ!» አለች እንግዳወርቅ። ወዲያው በገዛ አፏ ተናዳ አለቀሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጆቹ «ሞትኩ»ን ትተው «ወጣሁ» ማለት ያዙ።

ሩት ግን ጭራሽ ባሰባት። አጎቷ ከሩቅ አገር ከሸነን ድረስ ሲመጣ እንኳ ቀና ብላ አላየችውም። አንድ ቀን «እማ፣ እውነተኛው እኮ እዚያ ነው፤ ሕልሙ እዚህ ነው» አለቻት። እንግዳወርቅ በዚህ ደንግጣ አምቦ ውስጥ ያልተሳለችበት ቤተ ክርስቲያን አልቀረም፤ ልጄን ከዚያ ነገር አውጣልኝ እያለች።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሮዛ አቧራ ለብሳ ብቻዋን መጣች። ደጃፉ ላይ ቆመች። ያንን ቃል በዚያ ቤት መጥራት አቃታት።

«እትዬ... ሩት ወጣች።»

«ተወችው? እልልል! ተመስገን ጌታዬ! ኮቱ፣ ግቢ! እሷስ የት ቀረች?»

ሮዛ በጣቷ ወደ መንገዱ አመለከተች። እንግዳወርቅ መች ልታይ! የቀረበውን ምሳ ጠቅልላ አጎረሰቻት።

«አንቺ ነሽ ያወጣሽልኝ፣ መቼ አጣሁት! በሞቴ፣ አንድ ድገሚልኝ!»

ሮዛ መዋጥም መትፋትም ተሳናት። በዚህ መሐል የእድሩ ዳኛ ኦቦ ዓብዲሳ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። እንግዳወርቅ አመጣጣቸውን ታውቀዋለች።

«እንግዳ፣ በርቺ» አሉ። «ጉደር መንገድ ላይ ነው። ስልኳን እያየች ስትሻገር የጭነት መኪና...»

እሪ አለች። የሮዛን ትከሻ ጨምድዳ ትወዘውዛት ጀመር።

«አስገቢያት! መልሰሽ አስገቢያት! እዚያው ትኑር፣ ቀና ብላም አትየኝ፣ ለምሳም አልጠራትም! አስገቢልኝ ልጄን፣ በሞቴ!»

ሮዛም ምን ታድርግ፣ እያለቀሰች ስልኳን ከኪሷ አወጣች።