የበኩር ልጅ ስም

ዙዌራ ፊቷን ወደ ሕክምናው ድንኳን ሸራ አዙራ ተቀምጣለች። በማጋሪያ አገር የበኩር ልጇን በሰው ፊት የምታቅፍ፣ ይባስ ብላ በስሙ የምትጠራ ሴት ዓይን አውጣ ትባላለች፤ በአማቷ ፊት ከሆነማ ጉድ ነው። ስለዚህ ጎተራው ተሟጦ ልጁ በአጥንቱ ሲቀር፣ ከሩቅ አገር የመጡት ሐኪሞች ዘንድ አዝላ ያመጣችው አማቷ ታባዋ ነበረች። ዙዌራ እንደ ጎረቤት ከኋላ ተከተለች።

ነርሱ ኢዲ ለተራቡ ልጆች የሚሰጠውን የለውዝ ቅቤ ትንሽ ከረጢት ቀዶ ለአሮጊቷ ሰጣት።

«እማማ፣ እስካሁን የሰጠነው ወተት ከሞት አፋፍ መልሶታል። አሁን ይህን ከበላ ይድናል። እምቢ ካለ ግን ያሰጋኛል።»

ልጁ አፉን ግጥም አደረገ። ታባዋ ለመነችው፣ ዘፈነችለት። ኢዲም ሞከረ።

«ወዲያ ሂድ! መልክህ ያስፈራዋል» አለች ታባዋ። «የዚንደር ከተሜ መቼ ልጅ ማባበል ያውቃል!»

«እኔም በኩር ነኝ እማማ። እናቴ ዛሬም ‹ያ ሰውዬ› ነው የምትለኝ» አለ ኢዲ፤ ግን አልሳቀም።

ልጁ ዓይኑን ከእናቱ ጀርባ አልነቀለም። ሲያቃስት ዙዌራ ልትዞር ቃጣት። ምን ይሉኛል ብላ ጥርሷን ነከሰች። ወይ ይሉኝታ! ስንቱን ቀበረ፤ ማንን አሳደገ?

ድንገት ዞረች። ልጁን ከአማቷ እጅ መንጭቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ማዙ! ማዙዬ! ብላልኝ የእኔ ጌታ!»

ልጁ ስሙን ከእሷ አፍ ሰምቶ አያውቅም። አፈጠጠባት፤ ከዚያ አፉን ከፈተ። አንዴ ላሰ፣ ደገመ፣ ከረጢቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይመጠምጠው ጀመር። ኢዲ እንደ ሕፃን አጨበጨበ። የታመመ ልጅ የታቀፉት ሴቶች ሁሉ እልልታውን አቀለጡት።

ዙዌራ ግን ቀና ለማለት ፈራች። ታባዋ ሽርጧን ፊቷ ላይ ተከናንባለች።

«እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። አዋረድኩዎት።»

«እኔ ምንም አላየሁም» አለች አሮጊቷ ከሽርጡ ሥር። «የባልሽን ታላቅ፣ የእኔን በኩር፣ አንድ ቀን እንኳ በስሙ ሳልጠራው ነው የቀበርኩት።»

ዙዌራ ማዙን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው። ልጁ እየመጠመጠ ነው።

«ምን ይዘጋሻል?» አለች ታባዋ። «ጥሪው እንጂ! ጮክ ብለሽ፤ እኔም ልስማው።»