ሞራ የለበሰ ሌንስ

…ደግሞ ቀድሞት ቢሆንስ፣ ያ ቻላቸው የሚሉት የጢስ ዓባይ አስጎብኚ ትናንት ቡሬ ታየ ብለውታል፣ ቡሬ ምን ሊሠራ፣ ፏፏቴ የለ፣ ቱሪስት የለ፣ ለሌንሱ ነው እንጂ፣ ይኼ ሚኒባስ ደግሞ አይሞላም። ረዳቱ የፍኖተ ሰላምን መናኸሪያ ያደነቁራል፣ ቡሬ ቡሬ ቡሬ፣ ሞልቷል ይላል፣ ከሞላ ለምን አይሄድም፣ ውሸታም። ታከለ መስኮት ሥር ተቀምጧል፣ ካሜራውን ጭኑ ላይ አድርጎ ማሰሪያዋን ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ ይጠቀልላል።

በደርግ ጊዜ የመጣች የሩስያ ካሜራ ናት። በትንሿ መስኮት ሲያዩባት ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ሌንሱን ሲያዞሩት ሁለቱ እየተቀራረቡ አንድ ይሆናሉ፣ ያኔ ነው የሚጫኑት። ሌንሷ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ ይገባል፣ ተጠምዝዞ ይወጣል፣ የታከለም አበሳ እሱ ነው፣ ጥርሱ ከገጠመ የማንም አገር ሌንስ ይገባባታልና። ሌላ ፋብሪካ በሰው ካሜራ ልክ የሠራቸውን ነው የሚሰበስበው። የእንጀራ ልጆች ይላቸዋል፣ ከራሷ ያልተወለዱ፣ ቤቷ ግን የሚገቡ። አንዱን ጅጋ ገበያ ከቁርጥራጭ ብረት መሃል አገኘው፣ አንዱን ከጡረተኛ መንገድ ቀያሽ፣ ሰውዬው ወረቀት እንዳይበርበት ይጭነው ነበር፣ ወረቀት! የጃፓን ሌንስ በወረቀት ላይ! በጥጥ ጠቅልሎ በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጧቸዋል፣ እሑድ እሑድ ያወጣቸዋል፣ ያያቸዋል፣ ይመልሳቸዋል።

ወዴት ነህ? አለችው ውዳሴ ጠዋት። ቡሬ። ለሌንስ? ለሌንስ። አንተ ሰውዬ፣ የሰው ፊት ማየት ትተህ መስታወት ታያለህ። ሚስት ናት፣ ትናገር፣ እውነትም ነው። ዲጂታል የሚሉት ከመጣ ወዲህ፣ ጎረምሳው ሁሉ በሞባይል መነሳት ከጀመረ ወዲህ፣ ፎቶ ቤቱን ከዘጋ ወዲህ ማን መጥቶ አንሳኝ አለው። ማንም። ካሜራዋ ውስጥ ፊልም አለ፣ ሙሉ ፊልም፣ ለጥምቀት ብሎ ያጎረሳት፣ ጥምቀት አለፈ፣ ሌላ ጥምቀት ሊመጣ ነው።

ሚኒባሱ ተነሳ፣ እሰይ፣ ተንቀሳቀሰ።

ማንኩሳ ይቆማል፣ ዶሮ የያዘች ሴት ትወርዳለች፣ ትከራከራለች፣ ውረጂ እባክሽ እናቴ፣ ሰው ይቸኩላል። ያን ሌንስ በልጅነቱ አይቶታል፣ በቡሬው ፎቶ አንሺ በጋሽ ክንፈሚካኤል ካሜራ ላይ፣ ዘለግ ያለ የጃፓን ሌንስ፣ ፊትን ከኋላው ነጥሎ የሚያወጣ፣ እንዲህ ያለውን ሁለተኛ አላየም። ጋሽ ክንፈሚካኤል ሞቱ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ካሜራው የት እንደገባ አይታወቅም፣ ሌንሱ ግን ሚስታቸው እጅ ነው አሉ፣ እትየ አቻምየለሽ እጅ። በመሐረብ ቋጥረውት። በመሐረብ! ቢወድቅስ፣ ቢጫርስ፣ ያ አስጎብኚ ቢወስደውስ።

ቡሬ። ባጃጅ። በዚህ ግባ፣ በዚህ ታጠፍ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ ነው፣ ወራጅ።

ቀድሞት ተቀምጧል። አይ የኔ ነገር፣ ተቀምጦልሃል፣ ጥቁር መነጽሩን አናቱ ላይ ሰቅሎ ጠላውን ይዞ። ሰላም ፋዘር፣ ይላል ቻላቸው፣ አንተም ለሌንሱ ነዋ፣ ችግር የለም፣ ፉክክር ነው። እትየ አቻምየለሽ መደቡ ላይ ናቸው፣ ደቀቅ ያሉ፣ ዓይናቸው የሚቆመው ከሰው ፊት ትንሽ ፈንጠር ብሎ ነው። ግባ ልጄ፣ ምን ይገትርሃል፣ የማን ልጅ ነህ? ከፍኖተ ሰላም ነኝ እትየ፣ ታከለ እባላለሁ፣ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ነበርኩ? ምነው፣ እጅህን ቆረጡህ?

መሐረቡ ጉልበታቸው ላይ ነው። እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ ማየት አቅቶታል።

ማዘር፣ እኔ ግልጽ ነኝ፣ ይላል ቻላቸው፣ የሚወስደው ፈረንጅ አለኝ፣ ይቺን ጣሪያ ቆርቆሮ አለብስልዎታለሁ። መልካም፣ ይላሉ፣ አንተስ? እኔ፣ ይላል ታከለ፣ አስቀምጠዋለሁ እትየ። የት? በጥጥ ጠቅልዬ፣ በሣጥን። በጥጥ? በጥጥስ ክንፈሚካኤልን ሸኝቼበታለሁ፣ ሌላ የምትለው የለህም? ምን ይበል፣ እሑድ እሑድ አየዋለሁ ይበል?

ስለ መስታወቱ አወራችሁ፣ ይላሉ፣ ስለኔ የጠየቀ የለም። የፎቶ አንሺ ሚስት ነኝ፣ ፎቶ የለኝም። ነጩን ጨርቅ ከሰው ጀርባ ወጥሬ የምይዝ እኔ ነበርኩ። ቡሬ ውስጥ ፎቶ የተሰቀለበት ቤት ግቡ፣ ከጠርዙ ላይ ጣቶቼን ታገኟቸዋላችሁ፣ ከሙሽራው ጀርባ፣ ከወታደሩ ጀርባ፣ እኔ ጣት ብቻ ነኝ። አንቺን ነገ፣ አንቺን ነገ ሲለኝ ኖሮ ሞተ። በዚህ የሚያነሳኝ ይውሰደው።

ቻላቸው ጠፍጣፋዋን ዲጂታል ካሜራ ያወጣል፣ ያያታል፣ ይስቃል፣ ሌንሱ በየት በኩል ይግባ። የታከለ ልብ ይዘላል፣ የኔ ነው፣ የሩስያዋ ናት የምትቀበለው፣ የኔ ነው። መሐረቡን ይፈታል፣ ሌንሱን ወደ በሩ ብርሃን ያነሳል…

ሻጋታ። ከውስጥ፣ ከመስታወቱ ሆድ፣ ልክ እንደ ሸረሪት ድር። ይኸውልህ። ይኸውልህ ታከለ፣ የሮጥክለት። ይናገር? ዝም ቢልስ፣ ዝም ቢል ሌንሱ የሱ ነው፣ ፎቶው ጉም ሆኖ ሲወጣ በፊልሙ ያሳብባል፣ ማን ያውቅበታል፣ ግን ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ፎቶ ነው፣ አንዲት ፎቶ፣ ኧረ ተው አንተ ሰው።

እትየ፣ ይላል፣ ሻግቷል። ምስልዎ ጉም ይለብሳል። በራሴ ሌንስ ላንሳዎት፣ ጥርት አድርጎ ያወጣዎታል። ቻላቸው ጠላውን ያስቀምጣል፣ የሻገተ ነገር ፈረንጅ አይነካም ፋዘር፣ ይመችህ፣ በሉ ደህና ይሁኑ ማዘር። ወጣ። እንደዚህ በቀላሉ፣ ይኼን ሰው ነው ከትናንት ጀምሮ የፈራው።

የኔም ዓይን ሞራ አለው፣ ይላሉ እትየ አቻምየለሽ፣ እንተያያለን። በሱ አንሳኝ። ቡሬን ሁሉ ያየ ነው፣ እኔንም ይየኝ።

በርጩማውን ደጅ ያወጣል፣ ጥላው ደህና ነው፣ ሌንሱን ይጠመዝዛል፣ ጥርሱ ይይዛል። ቀና ሲል በርጩማው ባዶ ነው። እትየ አቻምየለሽ ከበርጩማው ኋላ ቆመዋል፣ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ወጥረው። እትየ… ይላል፣ እትየ፣ እርስዎ ከፊት ነዎት። ውይ! ይስቃሉ፣ አፋቸውን ይሸፍናሉ፣ ጎረቤታቸውን በአዊኛ ይጣራሉ፣ ሸጋዬ የምትባል ረዥም ሴት ሊጥ የነካ እጇን እየጠረገች መጥታ ነጠላውን ትወጥራለች። ትንሽ ከፍ፣ ይሏታል፣ ጣትሽን ሰብሰብ፣ እንዳይታይ።

በትንሿ መስኮት ያያል። ሁለት አቻምየለሽ። ያዞራል፣ ይቀራረባሉ፣ ያልፋል፣ ይመልሳል፣ አፍንጫ በአፍንጫ ላይ፣ ዓይን በዓይን ላይ፣ አንድ ሆኑ። ሰው። ለካ ሰው እንዲህ ነው የሚመስል፣ ረስቶታል። ይጫናል።

አለቀ? አለቀ እትየ። ይኸው ነው? ይኸው ነው።

ለዚች ነው ያን ሁሉ ዘመን ነገ ያለኝ?

ሌንሱን ሊነቅል እጁን ይሰዳል፣ ተወው፣ ይላሉ፣ እንዳለ ሂድ፣ ያልኩትን አላጥፍም። ፎቶዬንስ? ባሕር ዳር ነው የሚታጠበው፣ ፊልሙ ሲያልቅ። መቼ ያልቃል? እሱ… በቅርቡ። ነገ እንዳትለኝ ልጄ። አልልዎትም።

አልልዎትም አለ፣ አፉ አለ እንጂ፣ ሚኒባሱ ከቡሬ ሲወጣ ነው ነገሩ የገባው፣ አንድ ተነሳ፣ ቀሪው ፊልም ባዶ ነው፣ ማንን ያነሳበታል፣ ጥምቀትን ይጠብቅ? ሴትዮዋ ለጥምቀት ይደርሳሉ? ሞራው ዓይናቸውን ሙሉ ከያዘውስ፣ ፎቶው መጥቶ ዓይናቸው ቢሄድስ፣ ፊልሙን ቆርጦ ቢያወጣውስ፣ በጨለማ፣ ቢያበላሸውስ፣ አይሆንም፣ መጨረስ ነው፣ መጨረስ፣ በምን፣ በማን? ከመስኮቱ ውጭ አገሩ ቀልቷል፣ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ በየደጁ፣ በየሸራው፣ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ፣ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ታገላብጣለች፣ አለፈች፣ አለፈች እኮ፣ ወራጅ! ወራጅ አለ! እዚህ? ይላል ሾፌሩ፣ እዚህ ማን አለህ? አውርደኝ ወንድሜ።

ወደ ኋላ ይራመዳል፣ እየሮጥኩ ነው መሰለኝ ይላል ለራሱ፣ በርበሬው ያስነጥሰዋል። ሴትዮዋ ቀና ትላለች፣ ምን ፈለግህ? ላንሳሽ። ለምን? ለምን ማለት… የአንዲት እናት ፎቶ አለ እዚህ ውስጥ፣ ፊልሙ ካላለቀ አይወጣላቸውም። ሴትዮዋ ካሜራዋን ታያለች፣ እሱን ታያለች፣ እብድ ነው ጤነኛ፣ ሚዛን ላይ ነው። በነዚህ ልብሶቼ? ትላለች። ቆይ።

ትገባለች። ይጠብቃል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች፣ ለሻገተ ሌንስ ደግ ብርሃን ነው፣ አይቸኩልም፣ የት ይሄዳል። ስትወጣ ጸጉሯን አበጥራ አዲስ ሻሽ አስራለች፣ ከኋላዋ ባሏ ጋቢውን እያስተካከለ፣ ከሱ ኋላ አማቷ በምርኩዝ፣ ከሳቸው ኋላ ሕፃን ያቀፈች ልጃገረድ። ስንታችንን ነው የምታነሳው? ትላለች።

ሁላችሁንም፣ ይላል ታከለ፣ ተጠጉ።