ሰኞ ሰኞ የሚብስባት ሚኒባስ

እኔ አንሙት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ፣ ሽቦ ሲናገር እሰማለሁ፤ ሾፌር ሲናገር ግን መስማት አልወድም። ጥፋቴም እሱ ነው፤ አልክድም።

አለበል የባዘዘውን ሚኒባስ ከማርቆስ ደጀን ይነዳል። አዲስ ሞዴል ናት። ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ ኤርባጉ፣ ዳሽቦርዱ የየራሳቸው ኮምፒውተር አላቸው፤ ሁሉም የሚነጋገሩት በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። እነዚያ ሽቦዎች ከተረበሹ መደማመጥ የለም። አለበል እንደነገረኝ፣ መንገድ ላይ የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ ድንገት ቦግ ይላል፣ የፍጥነት መለኪያው ዜሮ ላይ ይወድቃል፣ ካቆማት ደግሞ አትነሳም። ሰኞ ሰኞ ይብስባታል አለኝ። እንደ ሰነፍ ተማሪ ሰኞ ሰኞ ያማታል እንዴ ብዬ ሳቅሁበት።

ሁለት ጊዜ አስጎትቶ አመጣት። ሁለቱንም ጊዜ ጋራዤ ውስጥ ፀሐይ ላይ ውላ በማግስቱ ቁልፍ ስናዞርባት ምንም እንዳልነካት ተነሳች። መመርመሪያ ማሽኑን ስሰካ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ አቤት አሉ። ባዘዘው ሲጠይቀኝም ሽቦዋ ደህና ነው አልኩት። ምንጣፏን እንኳ ገልጬ አላየሁም! ምን እንዳስቸኮለኝ እንጃ።

ከዚያ በኋላ ባዘዘው አለበልን ጠረጠረው። ሥራ ሲጠላ ሽቦ እየነቀለ ነው አለ። በሦስተኛው ጊዜ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ ጥፋት ካላገኘህባት ቁልፉን ለሌላ ሾፌር እሰጣለሁ ብሎኝ ሄደ። አለበል አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር። ያስጠረጠረው የኔ አፍ ነው።

ረቡዕ በማለዳ ገብቼ ጋቢና ተቀመጥኩና ማሽኑን ሰካሁ። አሁንም ሁሉም አቤት። እርር ድብን አልኩ። በዚህ መሀል የአለበል እናት፣ እማማ ወለተ ሰንበት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሃይላንድ ሙሉ ጠበል ይዘው መጡ። ደህና አደርክ ብለውኝ የሾፌሩን በር ከፈቱ፣ የእግር ምንጣፉን ገለጥ አደረጉ፣ በስመ አብ ብለው አፈሰሱት።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

እንደ ሁልጊዜው መሆኑን ነገሩኝ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መኪናዋ ደጃፋቸው ስትቆም እዚያችው ቦታ ላይ ያፈሳሉ። የዛሬው የልጃቸው እንጀራ እንዳይዘጋ ነው። ለምን እግር ሥር አልኳቸው።

«የበኩር ልጄ ዓባይ በረሃ ላይ ፍሬን እንቢ ብሎት ነው የሞተብኝ። ሲያገኙት እግሩ ፍሬኑን እንደረገጠ ነበር። የዚህኛው እግር ይባረክ ብዬ ነው።»

ዓይኔን ወደ ማሽኑ መለስኩ። የፍሬኑ ኮምፒውተር መልስ የለውም። ጥቂት ቆይቶ የኤርባጉም ዝም አለ። ከዚያ የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ ቦግ። ምንጣፉን ጨርሼ ገለበጥኩት፤ ከሥሩ የሽቦዎቹ ማገናኛ ሶኬት ጠበል ውስጥ ተኝቷል፣ ጥርሶቹን አረንጓዴ ዝገት በልቷቸዋል። እሑድ ይርሳል፣ ሰኞ ያብዳል፣ እኔ ጋ ፀሐይ ላይ ሲውል ይደርቃል። ልጁ እኮ ነግሮኝ ነበር!

ሶኬቱን ነቅዬ ሳጸዳ ባዘዘውና አለበል ተከታትለው ገቡ። እማማን ላለማስነካት ብዬ፣ ውሃ ገብቶባት ነው አልኩ፣ ሌላ አልጨመርኩም። ባዘዘው ማን አስገባው ብሎ ወደ አለበል ዞረ። ላድን ብዬ ልጁን ገደል አፋፍ ላይ አቆምኩት። አለበል እናቱ እጅ ላይ ያለውን ሃይላንድ አየ፣ የተገለጠውን ምንጣፍ አየ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ። «ውስጧን ሳጥብ ነው።»

«ሐሰት ነው» አሉ እማማ። «እኔ ነኝ። የልጄን እንጀራ ልዘጋ የነበርኩት እኔ ነኝ።» የጠበሉን ሃይላንድ አንስተው አሳዩት።

ባዘዘው ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው እንጂ። ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። በኋላ፣ ከእንግዲህ ጠበሉን ጎማው ላይ ያድርጉልን ብሏቸው፣ ቁልፉን አለበል እጅ ላይ አስቀምጦ ሄደ። አለበልን ግን ይቅርታ አላለውም። እኔ አልኩት።

ሶኬቱን ቀየርኩ፣ ወለሉን አደረቅኩ፣ ኮምፒውተሮቹ አንድ ሳይቀር መለሱ። እማማ ግን የተረፈውን ጠበል ታቅፈው አጥሩ ሥር ቆመዋል፤ መኪናዋን መጠጋት ፈርተዋል። ይሄ ከሁሉም በላይ አመመኝ።

አለበል የሾፌሩ ወንበር ላይ ወደ ውጭ ዞሮ ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ ሁለት እግሩን ወደ መሬት ዘረጋ።

«እማዬ፣ ነይ እዚህ ላይ አፍሽልኝ።»

መጡና አጎንብሰው አፈሰሱለት፤ አንዲት ጠብታ ሳትቀር። ሊያደርቁለት ነጠላቸውን ሲያነሱ ተዪው አላቸው። እርጥብ እግሩን እንዳለ ጫማው ውስጥ ከትቶ ወደ ደጀን ነዳ።