የሸሪፍ አደራ በእኛ ቤት

የባለቤቴ ጥርስ ላይ አረንጓዴ ነገር መኖሩን ያየሁት ጓድ ፈዬራ ከግቢያችን ወጥተው ወደ ኮተቤው መንገድ ከወረዱ በኋላ ነው። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አላየሁም። ዓይኔ ከጓድ ፈዬራ ፊት አልተነቀለም ነበር።

ጓድ ፈዬራ ባለቤቴ ሀብተወልድ የጭነት መኪና በሚነዳበት ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ናቸው። አረቄ ጠጥቶ መሪ ሲይዝ ስላገኙት ከሥራ አግደውታል። ቅዳሜ ከሰዓት ራሳቸው ሊያዩት መጡና እንደ ሐኪም፣ "እስቲ ተንፍስ" አሉት። ተነፈሰ።

"ደህና ነው። ሰኞ ጠዋት ጉርድ ሾላ እንገናኝ። ግን አረቄ ከሸተተኝ መንጃ ፈቃድህን ትሰናበታለህ።"

"እኔ ዋስ ነኝ" አልኩ ማንም ሳይጠይቀኝ። "ጠጥቶ ከተገኘ እኔን እሰሩኝ።"

"እርስዎን አስረን ማን ልጆቹን ያበላል፣ እትዬ አስካለች?" ብለው ስቀው ሄዱ።

ሀብተወልድም ሳቀ። አረንጓዴዋን ያየኋት ያኔ ነው።

"ጥርስህ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"ጎመን ነው።"

"ምሳህ ሽሮ ነበር።"

ጫት መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን ሸሪፍ ጫት ካልቃመ ሱቁን መክፈት አይችልም። ዘንድሮ ፍልሰታና ረመዳን ስለገጠሙ ሁለቱ ባሎች፣ አንዱ አረቄውን ሌላው ጫቱን ሊተዉ ተማማሉ። ሀብተወልድ እቤት የቀረችው አረቄ እናቱ ከደብረ ብርሃን የላኩለት ስለሆነች መድፋቱ ነውር ሆነበት፤ ሸሪፍ ዘንድ ተቀመጠች። ሸሪፍም የሚስቱ ወንድም ከድር ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያመጣለትን ጫት አልፈልግም ማለት አፈረ። ስለዚህ ሀብተወልድ እየተቀበለ ለበጋችን ይስጥ ተባለ። እኔና የሸሪፍ ሚስት ዘሊካ በሐሳቡ ደስ አለን። ሸሪፍ አረቄ አይቀምስ፣ የእኔ ባል ጫት አይነካ፤ ከዚህ የተሻለ ሣጥን ከየት ይመጣል ብለን።

"ለበጉ ሰጠሁት፤ አሸተተና ዞረ" አለ ሀብተወልድ። "ሲጠወልግ ዝም ብዬ ልየው?"

"በጾም?"

"ቅጠል የጾም ነው።"

ጫቱስ ጫት ነው። እኔን የያዘኝ ፍርሃት ሌላ ነበር። ዘሊካ አንድ ቀን ነግራኛለች፤ መጠጥ የለመደ ሰው ሲቅም ምርቃናውን የሚያበርድለት መጠጥ ይፈልጋል፤ ጨብሲ ይሉታል። የእሱ ጨብሲ ደግሞ ከቆርቆሮ አጥሩ ወዲያ ናት። በሐሳቤ መኪናው ገደል ገብቶ፣ እኔ ጥቁር ለብሼ፣ ልጆቼ በየዘመዱ ተበትነው ነበር።

"አንቺም እኮ ስጋት ካልቃምሽ አይመሽልሽም" አለኝ።

ከዚያ ሥራ አማረው። ለዓመታት የሚያንቋርረውን የበር ቁልፍ በካቻቢቴ ነቅሎ፣ ብሎኑንና ሞላውን ጋዜጣ ላይ በትኖ፣ ስለ ቁልፍ፣ ስለ ጣሊያን ብረት፣ ከእንጦጦ ስለሚወርደው ጎርፍ ያለ ማቋረጥ አወራ። ልክ ፀሐይ ስትጠልቅ ወሬው ተቋረጠ። ከንፈሩን ላሰ።

"ሸሪፍን ሰላም ብዬው ልምጣ።"

"ጠዋት ብለኸዋል።"

"የማታ ሰላምታ ሌላ ነው።"

በሩን እንዳልቆልፍበት ቁልፉ ጋዜጣ ላይ ነው። ነጠላዬን ሳልይዝ ቀድሜው ወደ አጥሩ ሮጥኩ።

"ዘሊካ፣ ጠርሙሷን ደብቂ" ስል፣ ሸሪፍ ራሱ አፍጥሮ ከቤት ብቅ አለ። ዓይኑ አብጧል። አረቄዋን በብብቱ ይዟታል።

"ሀብቴ፣ እኔም ወዳንተ ስመጣ ነው" አለ። "ይኸው ያንተ። የእኔን አቀብለኝ።"

ከኋላዬ የደረሰው ሀብተወልድ እጁን ዘረጋ፤ ደግሞ ሰበሰበ። "የትኛውን?"

"ከድር ያመጣውን ነዋ።"

"ለበጉ..."

"ጥርሱን እየው፣ ሸሪፍ" አልኩ።

ሸሪፍ በቆርቆሮው ላይ ተንጠራርቶ አየ። "ሙሉውን?"

"ገረባው አለልህ። ጠንካራ ጠንካራውን አልነካሁም።"

"ጫት ትቼ ሳምንቱን ሙሉ ዱካክ ሲያንቀኝ፣ በሕልሜ ጅብ ሲያሳድደኝ ሳድር፣ አንተ የእኔን ቅመህ በዚህ ልታበርደው?" የጠርሙሷን ቡሽ ነቀለ።

"የእናቴ ናት" አለ ሀብተወልድ ቀስ ብሎ።

"የእኔስ የአማቼ አልነበረም?" ብሎ አረቄዋን በአጥሩ ላይ አሻግሮ ባሕር ዛፉ ሥር ደፋት። ሀብተወልድ እስከ መጨረሻው ጠብታ ቆሞ አያት።

"አንተስ ልትለዋወጥ አይደል ጠርሙስ ይዘህ የወጣኸው?" አለችው ዘሊካ። ዘሊካ ወደ እኔ ዞራ፣ "ልጆች ነው ያገባነው፣ አስኩ" ብላ ገባች።

ሲመሽ የሰዓት እላፊው ፊሽካ ከወደ የካ ሚካኤል ተሰማ። ዞሬ የሀብተወልድን ሱሪ አሸተትኩ፤ የተረጨ ጠብታ ሰኞ ተገኘበት ቢባልስ ብዬ። አስወልቄ ዘፈዘፍኩት።

"ሀብቴ" አለ ሸሪፍ ከአጥሩ ወዲያ፣ ድምፁ በርዶ። "ዛሬ እንቅልፍ አይወስድህም። ስኳር ያለበት ሻይ ጠጣ። ሲነጋ ይለቅሃል።"

"የቀበሌው ስኳር አልቋል።"

ትንሽ ቆይቶ እፍኝ የሚሆን ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ በአጥሩ ላይ መጣ።

"አንተስ?" አለው ሀብተወልድ።

"እኔ እተኛለሁ። ጅቡ ይመጣል እንጂ።"

ሀብተወልድ በውስጥ ሱሪው ጋዜጣው ላይ ተንበርክኮ ቁልፉን ገጠመ። አንዲት ሞላ ተረፈችው። እንደገና ፈትቶ ገጠመ፤ አሁንም ተረፈች። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ አጥሩ አየና ወደ ብሎኑ ተመለሰ። ኩራዙን ያዝኩለት።

"በሩ ባይዘጋ ትሄድ ነበር?" አልኩት።

"ወዴት? ዛፉን ልልስ?"

በሩን ገፋው፤ ቁልፉን አዞረው፤ ተቆለፈ።