የአማካሪው እርማት

ጡረተኛው ዐቃቤ ሕግ ሰው ማመን የተዉት ገና ፀጉራቸው ሳይሸብት ነው። አንዲት ወጣት ደውላ፣ «ጋሼ፣ የኮምፒውተር ጨዋታ እየሠራን ነው። ተጫዋቹ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ወንጀል ይመረምራል። የሕግ ስህተታችንን ያርሙልን» ስትላቸውም፣ አገሩ በጠበቃ ተሞልቶ ለምን እኔን? ብለው ጠረጠሩ። ሄዱ ግን። ቤት ውሎ ከሚስት ጋር በቴሌቪዥን ከመነታረክ ይሻላል።

ቢሮው ከመነጽር ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሦስት ጠረጴዛ፣ እግር የሚጠልፍ ገመድና የማይከፈት መስኮት አላት። ሥዕሉን የሚሠራውን ልጅ «ዝምተኛው» ይሉታል፤ አፉ ለአፍታ አያርፍም። ልጅቷ ግን ቁጥብ ናት። እሳቸው ሲጫወቱ የምታየው ስክሪኑን ሳይሆን ፊታቸውን ነው። ነገሩ አላማራቸውም።

ሥራቸው ቀላል ነበር፤ ይጫወታሉ፣ ስህተት ሲያገኙ ቅጽ ላይ በእጃቸው ይጽፋሉ። ክሱ የአንድ ጨርቅ መጋዘን ቃጠሎ ነው። ተከሳሹ ዘበኛው ሲሆን ያለው ምስክር አንድ ብቻ፣ ከመንገዱ ማዶ የሚሠራ ጫማ ሰፊ ነው። ይህን ሲያነቡ ወንበሩ ጎረበጣቸው። ከስምንት ዓመት በፊት ልክ እንዲህ ያለ መዝገብ ይዘው ነበር። ዘበኛው አሥራ አምስት ዓመት ተፈርዶበት ዛሬም እስር ቤት ነው።

ይህቺ ልጅ የዘበኛው ዘመድ ናት፣ ወጥመድ ውስጥ ልትከተኝ ነው አሉ በልባቸው። እስቲ ልፈትናት ብለው፣

«ልጄ፣ ይሄ ዘበኛ ልጆች የሉትም እንዴ?» አሏት።

«እኔ እንጃ ጋሼ። ስለሱ ብዙም አላውቅም።»

ስንቱን ቀጣፊ መርምረዋል፤ ይህቺ ግን አልዋሸችም። ጭራሽ ባሰባቸው። ዘመዱ ካልሆነች ማን ናት?

ጨዋታውን ቀጠሉ። ጫማ ሰፊው የዐቃቤ ሕጉን በር አንኳኳ። «ጌታዬ፣ እኔ ያየሁት ጭሱን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም። ቃሌን ላስተካክል» አለ። ለተጫዋቹ የተሰጠው ምርጫ አንድ ብቻ ነው፦ ነገ ተመለስ። ተጫኑት። በማግስቱ መጣ፤ አሁንም ያው ምርጫ። በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው። ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

የእውነት ተናደዱ።

«ይሄማ ነውር ነው! የትኛው ዐቃቤ ሕግ ነው እንዲህ የሚያደርገው?» ብለው ብዕራቸውን አነሡና እየጻፉ ጮክ ብለው አነበቡ። «ምስክር ቃሌን ላስተካክል ብሎ ከመጣ ዐቃቤ ሕጉ ሊሰማውና ለፍርድ ቤት ሊያሳውቅ ይገባል። ይህን ያላደረገ፣ ንጹሕ ሰው እያወቀ አሳስሯል።»

ዝምተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያነበቡት ለራሳቸው የደረሳቸው ከሁሉም በኋላ ነበር።

«ጫማ ሰፊው አባቴ ነው» አለች ልጅቷ። «ሦስት ጊዜ መጥቶብዎታል። በሦስተኛው፣ አንተ ሰውዬ ሥራ አታስፈታኝ አሉት። አምና ሞተ። ሲያጣጥር እንኳ ይጠራ የነበረው የዘበኛውን ስም ነው፤ የእኔን አይደለም።»

ማስቲሽ የደረቀበት ጣት የበሩን ጠርዝ ይዞ ታያቸው።

«እና ምን ፈለግሽ?»

«ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር። የሰሚ ሰሚ ነሽ ብለው መለሱኝ። አባቴ ቃሌን ላስተካክል ብሎ ሲመጣ የሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት ጋሼ። እርማትዎ ላይ ይፈርሙልኝ።»

መካድ ይችላሉ። ምስክሩ ሞቷል፤ ወረቀት ላይ የቀረ ነገር የለም። አላስታውስም ቢሉ ሠላሳ ዓመት የገነቡት ስም እንደተከበረ ይኖራል፣ ዘበኛውም የቀረውን ሰባት ዓመት ይጨርሳል። ፈሩ፤ በዚህ ዕድሜያቸው የሰው መሳቂያ መሆንን ክፉኛ ፈሩ። ቅጹን ሳይፈርሙ ወደ እሷ ገፉት። ልጅቷ አቀረቀረች።

«ይሄ ለጨዋታችሁ ነው» አሉ። «ለፍርድ ቤቱ ንጹሕ ወረቀት አምጪልኝ። አባትሽ የመጣባቸውን ሦስቱንም ቀናት ንገሪኝ። እኔ አልመዘገብኳቸውም።»

ልጅቷ በቃሏ ታውቃቸው ነበር።