ትንሿ ፒዛ

በዚያ እሑድ ጠዋት ፍሬ ሊጥ ከማቡካቷ በፊት ዱቄቱን ሦስት ጊዜ ነፋችው ቢባል ማጋነን ይመስላል፤ ግን ሦስት ጊዜ ነፋችው። ዕድሜዋን ሙሉ ዳቦ ስትጋግር የኖረች ሴት በፒዛ እንዲህ መሆኗ ባሏን ገበየሁን አሳቀው።

«ሠርግ ልትደግሺ ነው እንዴ?» አላት።

ነገሩን ያመጡት ልጆቹ ናቸው። የፍሬ ልጅ ውዳሴና የጎረቤታቸው የሀዲጃ ልጅ ሀሴት የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አብረው አለፉ። ሽልማታችሁ ምን ይሁን ሲባሉ ሁለቱም «ፒዛ!» አሉ። ዲላ ውስጥ ፒዛ ብርቅ አይደለም፤ ስልክ ከተደወለ በባጃጅ ደጅ ድረስ ይመጣል። ፍሬ ግን አሻፈረኝ አለች። ካፌ ውስጥ ሥጋውን የቆረጠው ቢላዋ አትክልቱንም ይቆርጣል፤ ማን ቆሞ ይጠብቀዋል? እሷ ክርስቲያን ናት፣ ሀዲጃ ሙስሊም፤ የአንዷ ወገን ያረደውን ሌላዋ አትቀምስም። አሥራ አራት ዓመት ግድግዳ ተጋርተው ሲኖሩ ከሥጋ በቀር ያልተካፈሉት ነገር የለም።

ሀዲጃ ደግሞ እንዲህ እንደዋዛ የምትታይ ጎረቤት አይደለችም። ፍሬ አስተማሪ ናት፤ የከሰዓት ፈረቃ ሲደርሳት ውዳሴ የምትውለው ሀዲጃ ሱቅ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሀዲጃ ለልጇ ቅቤ የገባበት ወጥ ስትሠራ፣ ለውዳሴ በሌላ ድስት የዘይት ሽሮ ትሠራላታለች። ፍሬ ጾሙን ብትዘነጋው እንኳ ሀዲጃ አትዘነጋውም። እንዲህ ያለች ሴት ልጇን አምና ለግብዣ ስትልክ እንዴት አያስጨንቅ!

ስለዚህ ፒዛው ቤት ይሠራ ተባለ። ቀኑም ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ያለው እሑድ ሆነ። ፍሬ የፒዛውን አይብ ከሐዋሳ አስመጣች። የቤቱ ዕቃ ሁሉ ሥጋ ነክቶታል ብላ አዲስ ቢላዋ፣ አዲስ መክተፊያና ሁለት የመጋገሪያ ትሪ ገዛች፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ሊጡን ዳመጠች፣ የቲማቲም ድልህ ቀባች፣ ሽንኩርትና ቃሪያ በተነች፣ አይቡን ከላይ ነሰነሰች። ከዚያ ኦቨኑ እስኪግል ሀሴትን ራሷ ልታመጣት ወጣች።

ሀዲጃ ሱቋ ውስጥ ስኳር ትመዝን ነበር።

«ሀዲጃ፣ ማርያምን እልሻለሁ፣ ሥጋ የሚባል አይነካውም። በገዛ እጄ ነው የሠራሁት» አለቻት ፍሬ።

ሀዲጃ ሳቀች። «ኧረ አንቺ ሴት! እኔ መቼ ጠየቅሁሽ?»

እውነትም አልጠየቀችም። ፍሬ ግን አንዴ ምላለች።

ቤት ሲመለሱ ገበየሁ ሁለቱንም ትሪ ኦቨን ውስጥ ከትቶ ጠበቃቸው። ፍሬ «ተባረክ» አለችው። እሱም ቀዝቃዛ ለስላሳ ላምጣ ብሎ አስፋልቱን ተሻግሮ ሄደ። ቤቱ በፒዛው ሽታ ታወደ፤ ልጆቹ ምራቃቸውን ይውጣሉ። ትንሿ ቶሎ ስለበሰለች ፍሬ አውጥታ በአዲሱ ቢላዋ ቆረጠቻትና መጀመሪያ ለእንግዳዋ አቀረበች። ውዳሴማ አፏን ሞልታ እያወራች የምትበላውን መች ታውቀዋለች! ሀሴት ግን አንዴ ጎርሳ ማላመጧን ገታ አደረገች። ቀና ብላ ፍሬን አየቻት።

«ጣፈጠሽ፣ የኔ ልጅ?»

«በጣም፣ እትዬ ፍሬ» አለችና ዋጠችው። የያዘችውን ጨረሰች። ሁለተኛ ሲጨመርላት ግን «ጠገብኩ» አለች። ፍሬ ጨው በዝቶበት ይሆን ብላ ተጨነቀች።

ገበየሁ ለስላሳውን አቅፎ ገባና በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ ከትንሿ ትሪ ወደ ሀሴት ሄደ፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ፍሬን በዓይኑ ወደ ጓዳ ጠራት።

«ትንሿን ቆረጥሻት?» አለ በሹክሹክታ።

«ምነው?»

«የኔ ነበረች። ትናንት ከጠበስኩት ሥጋ ትንሽ ፈጭቼ፣ አንቺ ስትወጪ፣ ከአይቡ ሥር ... ሳትቆርጪ እደርሳለሁ ብዬ ነው። እኔ ሥጋ የሌለው ነገር ...»

ፍሬ ጠረጴዛውን ያዘች። የካፌውን ቢላዋ ሸሽታ፣ ዕቃውን ሁሉ በአዲስ ተክታ፣ በማርያም ምላ፣ በገዛ እጇ አጎረሰቻት። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው። ባሏን ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ ልጆቹ ሳሎን ስላሉ መልሳ ዘጋችው።

ሀሴት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አመስግና ሄደች። ውዳሴ ክፍሏ ስትገባ ገበየሁ ቀረብ አለ።

«ስሚኝ። ልጅቷ አላወቀችም፤ እናቷም አታውቅም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? ዝም በዪው። ብትነግሪያት ግን አሥራ አራት ዓመቱ ገደል ገባ ማለት ነው።»

አስጠሊታው ነገር ገበየሁ ያለው ሁሉ ልክ ይመስል ነበር። ፍሬ ሳህን አጠበች፤ ያጠበችውን መልሳ አጠበች። ነግራት ሀዲጃ ፊቷን ብታዞርስ? ውዳሴ ከዚያ ሱቅ ብትቀርስ? ባትነግራትስ፣ በሚቀጥለው ረቡዕ ሀዲጃ ያን ሽሮ ስታቀርብ በምን ዓይኗ ታያታለች? ዝም ልትል ቆረጠች። ትንሽ ቆይታ ልትነግራት ቆረጠች። ሀዲጃ እሑድ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ሱቅ ትዘጋለች፤ አሥር ሰዓት ሲያልፍ ፍሬ ተገላገልኩ አለች፤ ነገ ይደርሳል። ወዲያው በራሷ አፈረች። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነጠላዋን ጎትታ ወጣች።

ዝናቡ ሊወርድ ሰማዩ ጠቁሯል። የመንደሩ ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል፤ የሀዲጃ ግን ክፍት ነው። እሷም ምንም ሳትሠራ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ሀዲጃ» አለች ፍሬ፤ እንባዋ ቀደማት። «ጉድ ሠራሁሽ። ፒዛው ሥጋ ነበረበት። ገበየሁ ለራሱ ብሎ አድርጎበት፣ እኔ ሳላውቅ ለሀሴት ሰጠኋት። አንድ ቁራጭ በልታለች። ምዬልሽ ነበር።»

ሀዲጃ ከበርጩማው ሳትነሳ ቀና ብላ አየቻት።

«አውቃለሁ» አለች ሀዲጃ። «ሀሴት ገና ከደጅ ስትገባ ነገረችኝ። ለምን እዚያው አልተፋሽውም ብላት፣ ‹እትዬ ፍሬ እንዳይደነግጡ ብዬ› አለችኝ።»

ፍሬ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ልጅ ናት፤ ሰው እንዳይከፋው ብላ የዋጠችውን አላህ ያውቃል። ስለ ሥጋው አይደለም እዚህ የተቀመጥኩት» አለች ሀዲጃ። «አሥር ሰዓት ላይ ልዘጋ ተነሳሁ። ከዚያ፣ ፍሬ ትመጣ ይሆናል አልኩና ተቀመጥኩ። አሁን እንኳ ቁልፉን ይዤ ነበር።»

እጇን ዘረጋች፤ ቁልፉ እውነትም መዳፏ ውስጥ ነበር።

«ባልመጣስ ኖሮ?» አለች ፍሬ።

ሀዲጃ ብድግ ብላ የሱቁን በር አንዱን ክንፍ ገፋችው።

«ሰላምታማ አልነፍግሽም ነበር፤ ግን ሰላምታ ብቻ» አለች። «በይ፣ ያንን ክንፍ ግፊልኝ፤ ዝናቡ ሳይጥል እንግባ።»

ፍሬ በሩን በሁለት እጇ ይዛ ገፋችው።